አንድ ሰው ሳይቆጠር ሲቀር ገንዘቡ የት ይሄዳል?

የፌዴራል መንግሥት የ2016 ዓ.ም. በጀት ከ801 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ 214 ቢሊዮን ገደማ የሚሆነው ለክልሎች ድጋፍ የተያዘ ነበር። በወረዳ ደረጃ የሚከፈለው የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የልማት ሠራተኛውና የግምጃ ቤት ጸሐፊው ደመወዝ በብዙ ክልሎች በአብዛኛው የሚሸፈነው ከዚህ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ በስተቀር፣ ክልሎች ራሳቸው የሚሰበስቡት ግብር ለወጪያቸው አይበቃም። አዲስ አበባ ግን ራሷን ስለምትችል ከዚህ ጠቅላላ ድጎማ ድርሻ የላትም።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ ለየትኛው ክልል ስንት ይድረስ የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ የሕዝብ ቁጥር ላይ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው።

ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ገንዘብ ሚኒስቴር ቢሆንም ማከፋፈያውን የሚወስነው እሱ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የድጎማውን ቀመር የሚያጸድቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የድጎማውን ጠቅላላ መጠን ከዓመታዊው በጀት ጋር ያጸድቃል፤ የየክልሉ መቶኛ ግን ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት መቀመጫ ራሱ በሕዝብ ቁጥር ይወሰናል። አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ አንድ ወኪል እንዲኖረው፣ ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወኪል እንዲኖረው ይደነግጋል። ቆጠራው ገንዘቡን የሚያካፍሉትን ሰዎች ብዛትም ይወስናል ማለት ነው። በቆጠራ ቅጽ ላይ ያለችው የብሔር ጥያቄ ያን ያህል የምታጨቃጭቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ድጎማ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ዳቦው አንድ ስለሆነ ለአንዱ ሲወፍር ለሌላው ይሳሳል። ስለዚህ ለአንድ ክልል ዋናው ጥያቄ «ስንት ነን?» የሚለው ሳይሆን «ከጠቅላላው ስንት እጅ ነን?» የሚለው ነው። በምናባዊ ምሳሌ እንየው። ሦስት ክልሎች አሉ እንበል፤ የመጀመሪያው 5 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 3 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 2 ሚሊዮን ሕዝብ አላቸው። የሚከፋፈለው 1 ቢሊዮን ብር ነው፤ የሚከፋፈለውም በሕዝብ ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው 500 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 300 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 200 ሚሊዮን ያገኛል።

አሁን ከመጀመሪያው ክልል 500 ሺህ ሰው ሳይቆጠር ቀረ እንበል። በመዝገብ ላይ የሚታየው 4 ሚሊዮን ተኩል ነው፤ ጠቅላላውም 9 ሚሊዮን ተኩል ይሆናል። የመጀመሪያው ክልል ድርሻ ወደ 474 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። ሁለተኛው 316 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 210 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳቸዋል። ያልተቆጠረው ግማሽ ሚሊዮን ሰው ገንዘብ ወደ ፌዴራል ካዝና አልተመለሰም፤ ጎረቤቶቹ ተካፈሉት። ይህ ደግሞ የአንድ ዓመት ብቻ አይደለም። ቆጠራ በአሥር ዓመት አንዴ ስለሚደረግ ያ 26 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ ይጎድላል። በአሥረኛው ዓመት ሩብ ቢሊዮን ያልፋል።

ከዚሁ ምሳሌ ሌላም ነገር ይወጣል። በሦስቱም ክልሎች ከመቶ አሥር ሰው ሳይቆጠር ቢቀር የማንም ድርሻ አይለወጥም። ቆጠራው ከእውነተኛው ቁጥር በጣም ርቆም ክፍፍሉ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ጉዳት የሚያመጣው ስህተቱ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ስህተት ደግሞ እኩል ሆኖ አያውቅም። መንገድ ያለው ቦታ በደንብ ይቆጠራል፤ ገደላ ገደሉ ይቀራል። ቋሚ ቤት ያለው ይቆጠራል፤ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው ይቀራል። ሰላም ያለበት ወረዳ ይቆጠራል፤ ተኩስ የሚሰማበት ይቀራል። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች ብዙ ነበሩ፤ ቁጥራቸው የተሞላው በግምት ነው። በ1999ም ሌላው አገር ግንቦት ላይ ሲቆጠር፣ ሶማሌና አፋር የተቆጠሩት ከወራት በኋላ ኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር።

ቆጠራው በር ላይ ምን እንደሚመስል የሚያስታውስ ያስታውሳል። አገሩ በሙሉ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ይሸነሸናል። አንዱ ቆጣሪ አንዱን ይይዛል፤ ካርታውን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። «እማማ፣ በዚህ ቤት የሚኖረው ስንት ሰው ነው?» ይላል። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዶርም ውስጥ ይቆጠር ወይስ እዚህ? ሴቷ ልጅ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ሌላው ጅዳ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በየወሩ ብር ይልካልና እናቱ ከቤቱ አልወጣም ትላለች። ትናንት የተወለደችው ሕፃን ገና ስም ስላልወጣላት ትረሳለች። ጎልማሳ ወንዶች ያሉበት ቤት ደግሞ በአንዳንድ ዘመን የልጆቹን ቁጥር ማሳነስ ይመርጣል፤ ቆጠራ ሲባል ግብርና ምልመላ ትዝ የሚለው ብዙ ነው። ቆጣሪው መመሪያውን በደንብ ካልያዘ፣ ከአንዱ ቤት ሁለት ሰው ሊያጎድል፣ ከሌላው አንዱን ሁለቴ ሊቆጥር ይችላል። በ200 ቤት ይህ ትንሽ ነው። በሚሊዮን ቤት ሲባዛ የክልል መቶኛ ይሆናል።

በ1999 ቆጠራ ላይ የተነሣው ክርክር ከዚህ አንጻር ቢታይ ይገባል። የቆጠራው ውጤት 2001 ዓ.ም. ላይ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። በመጨረሻው ቁጥር የአገሪቱ ሕዝብ 73 ሚሊዮን ከ750 ሺህ አካባቢ ነበር። ከዚህ ውስጥ የአማራ ክልል 17 ሚሊዮን ከ220 ሺህ ገደማ ሆነ። ከቀደመው ቆጠራ ተነሥቶ በተሠራው ትንበያ የተጠበቀው ግን ከዚህ በ2 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህል ይበልጥ ነበር። የክልሉ ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ ሲባል፣ የአገሪቱ አማካይ 2.6 ነበር። «2.4 ሚሊዮን ሕዝብ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ በምክር ቤቱ ውስጥም ከምክር ቤቱ ውጭም ተነሣ፤ እስከ ዛሬም ይነሣል።

ስለ ምክንያቱ የተባለው ብዙ ነው። የወሊድ መጠን መቀነስ፣ ሕዝብ ወደ ሌላ አካባቢ መፍለስ፣ ኤች አይ ቪ፣ የቆጠራ ስህተት፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚለው ክስ ሁሉ ተደምጧል። እኔ እዚህ ያንን ልፈርድ አልችልም። ሁለት ነገር ግን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ ትንበያ ቆጠራ አይደለም። ትንበያ «ሰው በዚህ ፍጥነት ቢወለድ፣ በዚህ ፍጥነት ቢሞትና ቢፈልስ» የሚል ስሌት ነው። ትንበያውና ቆጠራው ሲለያዩ የተሳሳተው ቆጠራው ነው ብሎ መነሣት አይቻልም፤ ትንበያው ነው ብሎም መነሣት አይቻልም። እርግጡን የሚያሳየው ናሙና ተወስዶ በሌላ ቡድን ወዲያው እንደገና ሲቆጠርና ሁለቱ ሲመሳከሩ ነው። ይህ በጊዜው ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ የሚነሣ ክርክር መቋጫ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ክርክሩ ስለ ክብር ብቻ አልነበረም። በ1987 ቆጠራ የአማራ ክልል ከአገሪቱ ሕዝብ 25.9 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር። በ1999 ወደ 23.4 ወረደ። ጎደለ የተባለው 2.4 ሚሊዮን ቢጨመርበት ድርሻው 25.8 ላይ ይቀር ነበር፤ ማለትም በቀድሞው ቦታው። ልዩነቱ 2.4 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ከ214 ቢሊዮን ብር ላይ 2.4 በመቶ ግን ከ5 ቢሊዮን ብር ይበልጣል። ድጎማው የሚከፋፈለው በጭንቅላት ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ይህ የተጣራ ኪሳራ አይደለም፤ የክርክሩን ልክ ለማሳየት ይበቃል።

በጭንቅላት ቁጥር ብቻ አይደለም ያልኩት በቀመሩ ታሪክ ይታያል። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ቀመሩ ቀላል ነበር። የሕዝብ ቁጥር 55 በመቶ፣ የልማት ደረጃ 20፣ ገቢ ለመሰብሰብ የሚደረግ ጥረት 15፣ የድህነት መጠን 10 በመቶ ክብደት ይዘው ይደመሩ ነበር። ከ55 በመቶው ፊት ሌላው ሁሉ ትንሽ ነው፤ ሕዝብ የበዛበት ብዙ ያገኛል። ይህ አሠራር ቅሬታ አስነሣ። አፋርና ሶማሌ ላይ ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ተበታትኖ ስለሚኖር ለአንድ ሰው ውኃም ሆነ ሐኪም ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ከፍተኛ ነው። መቶ ቤተሰብ በአንድ ጉድጓድ የሚጠጣበት ደጋና መቶ ቤተሰብ አምስት ጉድጓድ የሚፈልግበት ቆላ እኩል አይደሉም።

ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። አሁን የሚሠራበት ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ ክልል ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመጠጥ ውኃ፣ ለገጠር መንገድ፣ ለአስተዳደርና ለፀጥታ ምን ያህል ያስፈልገዋል? ይህ የወጪ ፍላጎት ይባላል። ባለው ኢኮኖሚ በደንብ ቢሰበስብስ ምን ያህል ገቢ ማግኘት ይችላል? ይህ የገቢ አቅም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ተሰልቶ ድጎማው በክፍተቱ መጠን ይከፋፈላል። ገቢው የሚሰላው ክልሉ በተጨባጭ በሰበሰበው ሳይሆን መሰብሰብ በሚችለው ነው። አለበለዚያ ሰነፍ ሰብሳቢ ይሸለም ነበር።

ይህ ሲነገር «እንግዲያው የሕዝብ ቁጥር ቀረ» የሚል ይኖራል። አልቀረም፤ ተደበቀ እንጂ። የትምህርት ወጪ ሲሰላ የሚጠየቀው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስንት ናቸው ነው። የጤናው ሲሰላ ስንት ሰው ነው የሚታከመው ነው። የመጠጥ ውኃው ስንት ሰው ንጹሕ ውኃ አላገኘም ነው። ገቢውም ሲገመት የሰው ቁጥር ይገባበታል፤ ብዙ ገበሬ ያለው ክልል ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ከግብርና ገቢ ግብር ብዙ ይሰበስባል ተብሎ ይታሰባል። ድሮ የሕዝብ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ተጽፎ ለማንም ይታይ ነበር። ዛሬ በየመስመሩ ተበትኗል። በእኔ አስተያየት አዲሱ ቀመር ከአሮጌው የተሻለ ፍትሐዊ ነው፤ ለተራው ዜጋ ግን ለመከታተል በጣም ከባድ ሆኗል። የቁጥር ስህተት አሁን በአንድ ቦታ ሳይሆን በስምንት ቦታ ይገባል፤ አንዳንዱ ሊጠቅም፣ አንዳንዱ ሊጎዳ ይችላል።

ገንዘቡ ክልል ሲደርስ ታሪኩ ይደገማል። ክልሉ የራሱን ቀመር አውጥቶ ለወረዳዎች ያካፍላል። ይህ አሠራር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። እዚህም የሕዝብ ቁጥር ዋና መለኪያ ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ወደ ሕንጻና ወደ ሰው ይለወጣል። በጤናው ዘርፍ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ይታቀዳል። በመዝገብ 24,000 የሆነ አካባቢ በእውነቱ 40,000 ቢሆን ሁለተኛ ጤና ጣቢያ አይጠይቅም። ቢጠይቅም «ቁጥሩ አይፈቅድም» ይባላል።

ችግሩን በቅርብ የሚያውቁት ጤና ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ወረዳ በትንበያው መሠረት በዓመት 1,000 ሕፃናት ይወለዱበታል ተብሎ ክትባት ተልኮለታል እንበል። ወረዳው ዓመቱን ሙሉ 1,150 ሕፃናት ከትቧል። ሪፖርቱ 115 በመቶ ሽፋን ይላል። ከመቶ በላይ መከተብ አይቻልም፤ ወይ ሕፃናቱ ከጎረቤት ወረዳ መጥተዋል፣ ወይ ቆጠራው አንሷል፣ ወይ ሪፖርቱ ተጋንኗል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከሪፖርቱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ለመለየት አዲስ ቆጠራ ይረዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ግማሽ ነዋሪው የተፈናቀለበት ወረዳ 50 በመቶ ሽፋን ሲያሳይ ባለሙያዎቹ ይወቀሳሉ፤ ያሉትን ሕፃናት በሙሉ ከትበው ሊሆን ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል ይላል። 1976፣ 1987፣ 1999 ተደርጓል። አራተኛው በ2010 ታቅዶ ተራዘመ። ለ2011 መጋቢት መጨረሻ ሌላ ቀን ተቆረጠለት፤ ወረቀትን የሚተኩ ታብሌቶችም ተዘጋጁ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ለአንድ ዓመት አራዘሙት። የተሰጠው ምክንያት የፀጥታ ሁኔታና የተፈናቀለው ሕዝብ ብዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረርሽኝ መጣ፤ ጦርነት መጣ። ዘግይተው ከተቆጠሩት ከሶማሌና ከአፋር በስተቀር፣ ከግንቦት 20 ቀን 1999 በኋላ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በአገር አቀፍ ቆጠራ መዝገብ ላይ የለም። ከእነሱ የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ለመምረጥ ደርሰዋል።

እስከዚያው ክፍፍሉ የሚሠራው በትንበያ ነው። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በ1999 ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት የየክልሉን ሕዝብ ገምቶ አውጥቷል። ትንበያ ለጥቂት ዓመት በደንብ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ግን የድሮውን ስህተት እያባዛ ይሄዳል፤ በ1999 ያነሰ ዛሬም ያንሳል፣ የበዛም ይበዛል። ትንበያ ጦርነት አያውቅም። ስንት ሰው ከመኖሪያው እንደተፈናቀለ፣ ስንቱ ወደ ሸገር ዙሪያ እንደገባ፣ ስንቱ በጅቡቲ በኩል እንደወጣ አያውቅም። ሲዳማ በ1999 ወደ 2.95 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው የደቡብ ክልል ዞን ሆኖ ተቆጠረ። ዛሬ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ ከደቡብ የወጡት ሌሎቹም እንደዚሁ። አዲሶቹ ክልሎች ድጎማ የሚቀበሉት ሌላ የአስተዳደር ካርታ በነበረበት ዘመን ከተቆጠረው ሕዝብ ተሸንሽኖ በተገኘ ቁጥር ነው።

ቆጠራ ማዘግየትም ራሱ ውሳኔ መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ሳይቆጠር በቀረ ቁጥር ሕዝቡ ከትንበያው በላይ ያደገበት ይጎዳል፤ ከትንበያው ያነሰበት ይጠቀማል። 

የሕጋዊ ልደት ምዝገባ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ ፋይዳ መታወቂያም እየተስፋፋ ነው። ቆጠራውን ይተኩ ይሆን የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ለጊዜው አይተኩም። ሁለቱም የሚመዘግቡት የመጣውን ሰው ነው፤ ቆጠራ ግን ያልመጣውን ፍለጋ ቤት ይሄዳል።

ቆጠራው ቢካሄድ ደግሞ ጭቅጭቁ ይቀራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ናይጄሪያን ማየት ይበቃል። በአውሮፓውያኑ 2006 በተደረገው ቆጠራ ካኖ 9.4 ሚሊዮን፣ ሌጎስ 9.1 ሚሊዮን ሕዝብ አላቸው ተባለ። የሌጎስ አስተዳደር ይህን አልተቀበለም፤ የራሱን ቆጠራ አድርጎ 17.5 ሚሊዮን ነን አለ። ልዩነቱ የአንድ አገር ሕዝብ ያክላል። በናይጄሪያ ግዛቶች ከጋራ ገቢ ሲካፈሉ ከክፍፍሉ 30 በመቶው በሕዝብ ቁጥር ነው፤ ያም ሆኖ ይህን ያህል ተጣሉ። የፌዴራሉ መንግሥት በራሱ ቁጥር ጸና። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አላደረገችም።

እኛ ዘንድ አዲስ ውጤት ሲወጣ ከባዱ ጥያቄ ድርሻቸው የሚቀንሰውን ክልሎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ነው። አንድ ክልል 40 ሺህ መምህር ቀጥሯል እንበል። ቁጥሩ አነሰ ተብሎ በጀቱ በአንድ ሌሊት ቢቆረጥ መምህራኑን ማባረር አይችልም። በብዙ አገር እንዲህ ሲያጋጥም ቅነሳው በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ቀስ በቀስ ይደረጋል፤ ወይም ማንም ካለፈው ዓመት ያነሰ ብር አይቀበልም፣ ጭማሪው ብቻ በአዲሱ ቁጥር ይከፋፈላል ይባላል። ይህ ሕግ መውጣት ያለበት ከውጤቱ በፊት ነው። ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር ከታወቀ በኋላ የሚወጣ ሕግ ላይ ማንም አይስማማም፤ ዛሬ ግን ቁጥሩን የሚያውቅ ስለሌለ ለመስማማት ይቀላል።